የሰባት ቁጥር አልጋ ስልክ ነኝ

ለክቡር የሆስፒታሉ የሞባይል ጤና ትምህርት ማስተባበሪያ ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት፤

ጉዳዩ፦ ልጄ ከአልጋ መውረዷን እንዲያውቁልኝ በታላቅ ትሕትና ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ ያለኝን መልካም ምኞት እየገለጽኩ፣ በተለይም ሁለቱ ኩላሊቶችዎ፣ ግራውም ቀኙም፣ ሳይሰንፉ ሥራቸውን ሲሠሩ እንዲውሉ ከልቤ እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወግ ያህል እንዳይመስልዎ። ከሁለት ወር በፊት ቢሆን ኖሮ ስለ ሰው ኩላሊት ደንታም አልነበረኝም፤ ልብስ ሰፊ ወገብ ይለካል እንጂ ወገብ ውስጥ ምን እንዳለ አይጠይቅም። ዛሬ ግን በክፍልዎ ትምህርት ብርታት መንገድ ላይ የማገኘውን ሰው ሁሉ ደህና ነህ ከማለቴ በፊት ደህና ትሸናለህ ልለው እየዳዳኝ፣ ምላሴን ነክሼ ነው የማልፈው።

ማን እንደሆንኩ ላስታውስዎ። ከሆስፒታሉ አጥር ሦስት መንገድ ራቅ ብሎ ባለች አንዲት ክፍል ሱቅ የተማሪ ደንብ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። ቅጥነቷን አይተን ጭራሮ የምንላት የሰባት ዓመት ልጅ አለችኝ። ጭራሮን አራት ቀን ሲያስቀምጣትና ሲያስመልሳት ሰንብቶ፣ እኔው እናቷ ትኩሳቱን ያብርድላት ብዬ ከመሳቢያዬ ያገኘሁትን የሕመም ማስታገሻ ደጋግሜ ስሰጣት፣ ውኃ ያለቀበት ኩላሊቷ ሥራውን አቆመ። ሽንቷ ጠፋ፣ ፊቷ አበጠ፣ ያቺ ሸንቃጣ ልጅ በሁለት ቀን ውስጥ ጫማዋ አልገባ አላት። ሐኪሙ ነገሩ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት መሆኑን፣ በጊዜ ከተያዘም ኩላሊት አገግሞ እንደሚነሳ በትዕግሥት ቢያስረዳኝም፣ እኔ ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰማሁት ኩላሊት የሚለውን ብቻ ነበር።

ያኔ የደረሰልኝ ክፍልዎ ነው፤ እውነቱን መካድ ነውር ነው። አንዲት ትሑት ሠራተኛዎ ስልክ ቁጥሬን ተቀብላኝ ሄደች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬ በየቀኑ ሁለት ሦስቴ እየጮኸ ሐኪሙ ነግሮኝ ያልሰማሁትን ሁሉ ቀስ አድርጎ ያስተምረኝ ጀመር። የደከመ ኩላሊት ውኃ ማስወጣት ስለሚያቅተው ልጅቷ በልክ እንድትጠጣ፣ ሽንቷ እየተለካ እንዲጻፍ፣ ሙዝና ብርቱካን ለጊዜው እንዲቀር፣ ማስታገሻ ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በምንም ዓይነት እንዳይሰጣት። ታላቅ እህቴ ሁለት ኪሎ ሙዝ ተሸክማ በመጣችበት ዕለት መልእክትዎን አንብቤላት፣ እልህ ይዟት ሙዙን በሙሉ ኮሪደር ላይ ቆማ ብቻዋን ጨርሳዋለች። ለእህቴ ሆድ ክፍልዎ ተጠያቂ አይደለም።

በዘጠነኛው ቀን ጭራሮ ሠላሳ ሚሊ ሊትር ሸናች። ሠላሳ ሚሊ ማለት፣ ክቡር ሆይ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነው። በሚሊ ሊትር ያልተለካ ሽንት ሽንት ነው ብላ የማታምነዋ ነርስ፣ በዚህም ጠባይዋ ሲስተር ሚሊ የምንላት፣ መለኪያውን ወደ መስኮቱ አንሥታ አየችው፤ ዝቅ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ደግማ አየችው፤ ከዚያም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። እኔም በደስታ ያደረግሁትን አላውቅም፤ ብቻ ሲስተር ሚሊን አንገቷን አቅፌ ስሜያለሁ፣ ኮሪደር ላይ ወጥቼም በስልክ ለእህቴ ሸናች፣ ሸናች፣ ልጄ ሸናች እያልኩ ስጮህ፣ አንድ መንገደኛ አዛውንት በደንብ ሳይሰሙኝ ቀርተው ለመሆኑ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ገባችልሽ ብለው ጠይቀውኛል። ከሳምንት በኋላ ልጄን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ።

እንግዲህ ምስጋናዬ እዚህ ላይ ጥቂት ይረፍና፣ ጊዜዎን ላለማባከን ቅሬታዎቼን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ። ወደ ቤት በገባን በሦስተኛው ቀን ስልኬ ውድ ወላጅ፣ ልጅዎ ዛሬ ከግማሽ ብርጭቆ ውኃ በላይ እንዳይጠጣ አለኝ። ሐኪሙ ሲሸኘን ያገገመ ኩላሊት ውኃ እንዳይጎድልበት፣ ሲጠማት ትጠጣ ብሎን ነበር፤ ይሁን እንጂ ስልክዎ እስከዚያ ቀን ድረስ አንዴም ዋሽቶኝ ስለማያውቅ፣ ከሐኪሙ ቃል ይልቅ እሱን አመንኩ። የስፌት መኪናዬን ጎትቼ ቧንቧው አጠገብ ተከልኩና ቀኑን ሙሉ አንድ ዐይኔን መርፌው ላይ፣ አንድ ዐይኔን ቧንቧው ላይ አድርጌ ዋልኩ። በዚያን ዕለት የሰፋሁት ሱሪ አንዱ እግር ከሌላው በአራት ጣት ይረዝማል። ጭራሮ ለመነችኝ፣ አለቀሰች፣ አኮረፈች፤ በመጨረሻም ድምጿ ሲጠፋብኝ ብወጣ የጎረቤታችንን የአበባ ማጠጫ ተሸክማ ጫፉን አፏ ውስጥ ከትታ ስትጠጣ አገኘኋት። አሁን ስናወራው እንስቃለን፤ ግን ልጄን በገዛ ቤቷ ያስጠማኋት እኔ ነኝና ነገሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሁለተኛ። ስልክዎ በየቀኑ በአሥር ሰዓት ልጅዎ ዛሬ ስንት ጊዜ ሸና ብሎ ይጠይቃል። ይህን የመሰለ ደስ የሚያሰኝ ጥያቄ በዕድሜዬ ተጠይቄ አላውቅም። መቀሴን ጥዬ፣ ደንበኛም ካለ አስቁሜ፣ ስድስት ብዬ እልካለሁ። አንድ ቀን፣ ማጋነን አይሁንብኝና፣ ስምንት ላክሁ፤ ክፍልዎም በጣም ጥሩ ነው፣ በርቱ ብሎ መለሰልኝ፤ እኔም መልሱን ሱቄ ለመጣ ሁሉ ሳሳይ ዋልኩ። በማግስቱ ሲስተር ሚሊ ራሷ ደወለችልኝ። ሰላምታም አልሰጠችኝም፤ ሰባት ቁጥር አልጋ ላይ ስምንት ጊዜ የሚሸናው ማነው ብላ ጮኸችብኝ።

ለካስ የእኔ ስልክ የተመዘገበው በልጄ ሳይሆን በአልጋዋ ኖሯል። ጭራሮ ከወረደች በኋላ ሰባት ቁጥር ላይ የተኛው የአንድ አውቶቡስ ሹፌር ልጅ ነው፤ አራት ዓመቱ ነው፣ ሰውን ሁሉ ስለሚያዝ ጄኔራል ነው የሚባለው። ያ ግማሽ ብርጭቆ ውኃም የጄኔራሉ ነበር። በሕፃናቱ ማስተኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ያስሰቀሉት ዘመናዊ ስክሪን ሰባት ቁጥርን በአረንጓዴ ቀለም አስውቦ ልጁ ስምንት ጊዜ መሽናቱን ሲያበሥር፣ የጄኔራሉ መለኪያ ግን ድርቅ ብሎ ቆሞ ነበር። ሲስተር ሚሊ ከስክሪኑ ይልቅ መለኪያውን የምታምን ኋላቀር ሴት በመሆኗ ሐኪሙን ጠርታ ለልጁ ደረሰችለት። እግዜር ይስጣት። ስክሪኑን አምና ቢሆን ኖሮ፣ እኔ በልጄ ሽንት ስኩራራ የሰው ልጅ ልገድል ነበር። ይህንን ደግሞ እየሳቅሁ መጻፍ አልቻልኩም።

ሦስተኛ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ደመወዝና ያለ ቅጥር ደብዳቤ የሰባት ቁጥር አልጋ ስልክ ሆኜ ማገልገል ጀመርኩ። ስልክ ቁጥሩን ከሲስተር ሚሊ ተቀብዬ፣ መልእክት በመጣ ቁጥር ለሹፌሩ እደውላለሁ። ሹፌሩ ግን መሪ ይዞ ስልክ አያነሣም፤ ይህን ጨዋ ልማዱን እንደ ዜጋ አከብርለታለሁ፣ እንደ ስልክ ግን ፈጀኝ። አንድ ረፋድ ላይ ልጅዎ ቢያተኩሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማስታገሻ እንዳይሰጡት የሚል መጣ። መሳቢያዬ ትዝ አለኝ። አልጋው አጠገብ የምትውለው የልጁ አክስት ነች፤ የእሷን ቁጥር አላውቀውም፤ ሲስተር ሚሊም በዚያ ሰዓት ስልክ አላነሣ አለች። ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ፣ አንድ እጅጌ ብቻ ያለው ኮት ክንዴ ላይ እንዳደረግሁ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሮጥኩ። ዘበኛው ጠያቂ የሚገባው በስድስት ሰዓት ነው ብሎ መለሰኝ። ጠያቂ አይደለሁም፣ የሰባት ቁጥር አልጋ ስልክ ነኝ ብለው፣ ከላይ እስከ ታች አይቶኝ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው አለኝ።

ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ዞሬ ሮጥኩ። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ደርሼ በባለ አንድ እጅጌው ኮት መስታወቱን ስደበድብ ሹፌሩ ደንግጦ አቆመ፤ ቁና ቁና እየተነፈስኩ መልእክትዎን በመስኮት አነበብኩለት፤ እዚያው ቆሞ ለእህቱ ደወለ። ሴትዮዋ ልጁ አተኩሶት የማስታገሻውን ሽሮፕ ክዳን ከፍታ ማንኪያ እየፈለገች ነበር። ማንኪያ የጠፋበትን ያንን ሰዓት ሳስብ አሁንም ደረቴን እደግፋለሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ነገሩን ሰምቶ ነበርና ሦስት ሴቶች እዚያው ቦርሳቸውን ከፍተው ለልጆቻቸው የገዙትን መድኃኒት ስም እንዳነብላቸው አወጡልኝ። እኔ ሐኪም ስላልሆንኩ ልጅ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው ሐኪም ሳትጠይቁ እንዳትሰጡ፣ ሽንቱን ተከታተሉ ብዬ የክፍልዎን ትምህርት ቃል በቃል አስተላለፍኩ። ከዚያ ወዲያ በዚያ መስመር የሚመላለስ ሰው ሁሉ ሲሳፈር ሹፌሩን የሚጠይቀው ጄኔራሉ ሸና ወይ ብሎ ነው። የሸና ዕለት ሹፌሩ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ጥሩምባውን እየነፋ ሄደ፤ ትራፊክ ፖሊሱ አስቁሞት ምክንያቱን ሲሰማ እሱም አጨበጨበ አሉ። እኔ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ጥሩምባውን ሰምቻለሁ፤ በደስታ ጣቴን በመርፌ ወጋሁት።

አራተኛ። ነገሩን ለማስተካከል በትሕትና ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ጸሐፊዎ ተቀበለችኝ፤ አዲስ ምንጣፍ ገብቷል ብላም ጫማዬን በር ላይ አስወለቀችኝ። ምንጣፉ እውነትም ያማረ ነው፤ እጄ ለምዶበት ጠርዙን ዳሰስ አድርጌዋለሁ፣ ስፌቱ አይታማም። ስልክ ቁጥር የሚለወጠው አልጋው ሦስት ተከታታይ ቀን ባዶ ሆኖ ሲገኝ ብቻ መሆኑን፣ ይህንንም መመሪያ እርስዎ ራስዎ እንዳወጡት ነገረችኝ። ሰባት ቁጥር አልጋ ባዶ ሆኖ ያደረው መቼ እንደሆነ ብጠይቃት፣ ግድግዳው ቀለም ሲቀባ ነው አለችኝ፤ ያም ጭራሮ ከመግባቷ በፊት ነው። ከጀርባዋ ባለው ሰሌዳ ላይ መልእክት የደረሳቸው ወላጆች መቶ ከመቶ የሚል በትልቁ ተጽፎ ተሰቅሏል። እንኳን ደስ ያለዎት። ደርሶኛል፤ ሁሉም ደርሶኛል፤ የእኔው ብቻ ነው የቀረው።

አምስተኛና ስድስተኛም ነበሩኝ፤ ሱቅ መክፈቻዬ ስለደረሰ ትቻቸው ወደ ሰባት ቁጥር ልለፍ፤ እኛን ከዚህ ቁጥር ጋር ያላገናኘን ነገር የለም።

ሰባተኛ። ጭራሮ ስትወጣ ሐኪሙ ኩላሊቷ ጨርሶ መዳኑን የሚያረጋግጠው በስድስተኛው ሳምንት የሚደረገው የደም ምርመራ መሆኑን፣ ቀኑም በስልክ እንደሚነገረኝ ገልጾልኝ ነበር። የላቦራቶሪው መስኮት ደግሞ ቀጠሮ በስልክ ላልመጣለት ልጅ ደም አይወስድም፤ ሁለቴ ሄጄ ሁለቴ ተመልሻለሁ። ስድስተኛው ሳምንት እነሆ ሊያልቅ ነው። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይዘላል፤ አነበዋለሁ፤ የሰው ልጅ ነው። ለጄኔራሉ ነግሬ ሳልጨርስ የአንድ ፀጉር አስተካካይ ልጅ ሰባት ቁጥር ላይ ተኛች፤ አሁን ደግሞ ለአባቷ እየደወልኩ አነብለታለሁ፣ እሱም የሰው ፀጉር ጥሎ መልእክቴን በመስታወቱ ጥግ በሳሙና ይጽፋል። ጄኔራሉም ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ እንደ እኛው ቀጠሮ ይጠብቃል። ደስ ይለኛል፣ እስቃለሁ፣ ጭራሮ ተመልሳ ጭራሮ ሆናለች፤ የድሮ ጫማዋም ገብቶላታል። ግን ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። በየጠዋቱ ተኝታ ሳለ ብድግ ብዬ የዐይኖቿን ሥር አያለሁ፣ አብጦ እንደሆነ። ለሰባት ቁጥር አልጋ ከመቶ በላይ መልእክት አድርሻለሁ፤ በምላሹ የምጠይቀው አንዲት መልእክት ብቻ ነች፣ የልጄን።

ለማጠቃለል ያህል፣ ስለ ልጄ ላስተማሩኝ ትምህርት፣ እኔን ለሾሙበት ሥራ፣ እግሬንም በሩጫ ስላበረቱልኝ የላቀ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። በመመሪያዎ ላይ አልጋ በሚለው ቦታ ሁሉ ልጅ የሚል ቃል ለማስገባት መቀስ ወይም ክር የሚያስፈልግ ከሆነ ሱቄ ክፍት ነው፤ እጅ ሥራውንም በነጻ እሠራዋለሁ።

ከልብ ከመነጨ አክብሮት፣ ከመርፌና ከጥቂት እልህ ጋር፣

የጭራሮ እናት፣ የሰባት ቁጥር አልጋ ስልክ

ግልባጭ፦
ለሲስተር ሚሊ፤
ለአውቶቡሱና ለተሳፋሪዎቹ በሙሉ፤
ለሆስፒታሉ ዘበኛ (ስልክ ይዤ ለመግባት እንዲፈቅዱልኝ)፤
ለሰባት ቁጥር አልጋ።

ማሳሰቢያ፦ ይህንን ደብዳቤ ግልባጭ ለተደረገላቸው ሁሉ እንዲደርስ ሆስፒታሉ በር ላይ ልለጥፍ ሙጫውን ከፍቼ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ ውድ ወላጅ፣ የልጅዎ የክትትል የደም ምርመራ ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው፣ ይህን መልእክት በመስኮቱ ያሳዩ፣ የጠዋት ሽንትም በንጹሕ ዕቃ ይዘው ይምጡ። ቁጭ አልኩ፤ ሙጫው ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል የልጅ ስም ስለማትጽፉ ቀጠሮው የጭራሮ ይሁን የጄኔራሉ፣ ወይስ ትናንት ከሆስፒታል የወጣችው የፀጉር አስተካካዩ ልጅ፣ አልገባኝም። ጸሐፊዎ ዘንድ ብደውል እሷም የምታውቀው የሰባት ቁጥር መሆኑን ብቻ ነው። ስለዚህ ለሹፌሩም ለፀጉር አስተካካዩም ደውዬ ሦስቱንም ልጆች ነገ ጠዋት በአንድ አውቶቡስ ይዘን ለመምጣት ተስማምተናል። መስኮቱ አንድ መልእክት ለአንድ ልጅ ብቻ ነው ያለን እንደሆነ፣ የሰባት ቁጥር ልጅ የትኛው እንደሆነ እርስዎ እስኪለዩልን ድረስ ሦስቱንም ቢሮዎ ውስጥ አስቀምጠን እንጠብቅዎታለን። ጫማቸውን በር ላይ አስወልቃቸዋለሁ፤ እሱ ሐሳብ አይግባዎ። ምንጣፉን ግን ከወዲሁ ቢያስነሡት ይሻላል፤ ልጆቹ፣ ተመስገን፣ አሁን በደንብ ነው የሚሸኑት።